ያልተነሳው ቀኝ እጄ



ኢማሙ ሶፉ መስተካከሉን አይተው ፊታቸውን ወደ ቂብላ መለሱና «አላሁ አክበር» አሉ። ከኋላቸው የቆምነው ሁሉ እጃችንን አነሳን። «አነሳን» ማለቴ ግን ትክክል አይደለም። ግራ እጄ እንደ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ቀኙ ከደረቴ ሥር ደርሶ ቆመ። ከዚያ በላይ ውጣ ብለው አልወጣ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ከጎኔ የቆመው ወጣት በዐይኑ ጠርዝ አየኝና መልሶ ወደ ሱጁድ ቦታው አቀረቀረ። ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ሶላቱ መግሪብ ነበር። ከሁለት ወር በላይ ቀርቼ ወደ ሰፈሬ መስጂድ የተመለስኩበት የመጀመሪያው ቀንም እርሱ ነበር።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሲጀምሩ እጆቻቸውን በትከሻቸው ትይዩ ያነሱ እንደነበር ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። ይህንን ሐዲሥ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። «ትከሻ» የምትለዋን ቃል ግን ቆም ብዬ አስቤባት አላውቅም ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት፣ ልጅ እንደተሸከምኩበት፣ ጀናዛ እንደተሸከምኩበት ሳልቆጥር ኖሬ፣ ትከሻ እንዳለኝ ያወቅሁት በወለቀ ጊዜ ነው። ሱብሐነላህ!

ነገሩ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሯል። ለሱብሒ ሶላት ወጥቼ በመስጂዱ የዉዱእ ማድረጊያ ደረጃ ላይ በነጠላ ጫማ ስወርድ አዳለጠኝ። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ እኔም ቀኝ እጄን ዘርግቼ በመዳፌ ሲሚንቶውን ስመታ በትከሻዬ ውስጥ አንዳች ነገር ከቦታው ሲለቅ ተሰማኝ። ቀና ስል ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ነበር። ክብ የነበረው ትከሻዬ ጠርዝ እንዳለው ሣጥን ሆኗል።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ወለምታ ነው አለ፤ ሌላው ውልቃት ነው አለ። ሐኪም ቤት ወረፋና ወጪ ነው፣ እገሌ የሚባል ወጌሻ በአንድ ጉተታ ይመልሰዋል ያሉትም ብዙ ነበሩ። እኔም በጋዜጣችን የጤና ዓምድ ላይ ስንት ጽሑፍ ያረምኩ፣ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩ ሰው፣ ሕመሙ ሲጠናብኝ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝና ወደ ወጌሻው ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ፤ ስለ ክፍያም አልጨቀጨቀኝም። እግሩን ብብቴ ሥር ተክሎ ሲስበው ጮኽኩ፤ ከዚያም «ገብቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገብቶ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት የምጽፈው ነገር ያጥር ነበር። እርሱ ግን ቅቤ አምጥቶ ደህና አድርጎ አሸኝ፤ ከዚያም ጠፍሮ አሰረኝና በሳምንቱ እንደምሠራበት ነግሮ ሸኘኝ።

በሁለተኛው ቀን ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ጠቆረ። ጣቶቼ አበጡ። ከትከሻዬ ውጭ በኩል የመዳፍ ያህል ቦታ ሲነኩት የማይሰማ ሆነ። ባለቤቴ እሥሩን በመቀስ ቆርጣ ጣለችውና ምንም ሳትናገር ታክሲ ጠራች።

በሆስፒታሉ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንስተው አሳዩኝ። መገጣጠሚያው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ነገር ግን የክንድ አጥንቴ ራስ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ አለ። አወዳደቄ የሰነጠቀው ይሁን ጉተታው አይታወቅም፤ የሚታወቀው አስቀድሞ ራጅ ቢነሳ ኖሮ ማንም በጭፍን እንደማይጎትተው ነው። በብብት ሥር የደም ሥርና ነርቭ ያልፋሉ። በጭፍን የሚጎትት ሰው የሚጎትተው እነርሱንም ጭምር ነው። የደነዘዘው ቦታ ስሜቱ የተመለሰልኝ በአራተኛው ወር ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ሐኪሙ ያስረዱኝ ነገር ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው። የዳሌ አጥንት ኳስ ጥልቅ በሆነ ጎድጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ፣ የትከሻው ግን የሚያርፈው እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ጠፍጠፍ ባለ ነገር ላይ ነው። በቦታው የሚይዙት በዙሪያው ያሉ ጅማቶችና አራት ጡንቻዎች ናቸው። ሳህኑ ጥልቅ ባለመሆኑ እጃችን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፈለግነው ሁሉ ይሄዳል፤ በዚሁ ምክንያት ደግሞ ከትላልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ነው። ስፋትና ድክመት ከአንድ ቦታ ተሰጥተውናል። አላህ (ሱ.ወ) ሰውን ደካማ ሆኖ እንደተፈጠረ ሲነግረን ብዙ ጊዜ ስለ ነፍሳችን ብቻ የተነገረ አድርጌ እወስደው ነበር። በዚያ ፊልም ላይ በአጥንት ተጽፎ አየሁት።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ አማናዬን የተወጣሁ አይመስለኝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው እንዳዘዙ ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲሥ ተነግሯል። የአንዳሉሱ አቡልቃሲም አል-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት በጻፉት ሠላሳ ክፍል ባለው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ስለ ስብራትና ስለ ውልቃት ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥተዋል። እንግዲህ ጉዳዩን ለሚያውቀው መስጠት ለእኛ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ጥሩ እጅ ያላቸው ወጌሾች እንዳሉ እኔም አልክድም። ነገር ግን በአገራችን ስብራት በቀርከሃ ተጠፍሮ ታሥሮ፣ ደም ማለፊያ አጥቶ እጃቸው ጠቁሮ ወደ ሆስፒታል የሚመጡና እጃቸው የሚቆረጥ ልጆች አሉ። ጣት ከበረደ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ እሥሩን ለመፍታት የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ። ፍቱትና ወደ ሐኪም ሩጡ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሐኪሙ ክንዴን በማንጠልጠያ አንገቴ ላይ ሰቅለው ለሦስት ሳምንት እንዳላወርደው፣ ምንም ነገር እንዳላነሳበት፣ በመዳፌም መሬት ተደግፌ እንዳልነሳ አዘዙኝ። መሬት መደገፍን ሲከለክሉኝ ሱጁድ ትዝ አለኝ፤ ግን አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም? ዛሬ ሳስበው መልሱን ስለማውቀውና ስላልወደድኩት ይመስለኛል።

በዚያው ሳምንት መስጂድ ገብቼ ቀኝ እጄ ተንጠልጥሎ በግንባሬ፣ በግራ መዳፌ፣ በጉልበቶቼና በእግር ጣቶቼ ሱጁድ አደረግሁ። ሶላቱ እንዳበቃ አንድ ሰው ወደ እኔ ተጠግቶ ሱጁድ በሰባት አጥንቶች መሆኑን፣ አንዱን ያጎደለ ሶላቱ እንደማይበቃ ነገረኝ። የሰባቱ አጥንቶች ሐዲሥ እውነት ነው፤ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ተላልፎ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሰውዬው የያዘው ግን ግማሹን ነበር። ያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ነገር ሲያዙን የቻልነውን ያህል እንድንፈጽም ማስተማራቸውን፣ ያም በቡኻሪና በሙስሊም መኖሩን አልነገረኝም። እኔም አውቀው ነበር። አውቄው እያለ በቀጣዩ ሶላት ማንጠልጠያውን አውልቄ ቀኝ መዳፌን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩና ተደገፍኩበት። ዐይኔ ጨለመ። ከሱጁድ የተነሳሁት ሌሎች ሰዎች ብብቴን ይዘው አንስተውኝ ነው። ለአላህ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ። ያ ሰው ደግሞ እንዳያየኝ ብዬ ነበር።

በአቡ ዳዉድ ዘገባ ጃቢር (ረ.ዐ) የነገሩን ታሪክ አለ። በአንድ ጉዞ ላይ የነበረ ሰው ድንጋይ መትቶት ራሱ ላይ ቆሰለ። ሌሊት ትጥበት ግዴታ የሚያደርግ ነገር ገጠመውና ተየሙም ይበቃው እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነርሱም ውኃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሬው ሲደርሳቸው እነዚያን ሰዎች ገዳዮቹ አድርገው ወቀሷቸው፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የምቆጣው በጓደኞቹ ላይ ነበር። መዳፌን በስንጥቅ አጥንት ላይ ከተደገፍኩ በኋላ ግን ስለ ቁስለኛው ሰውዬ ማሰብ ጀመርኩ። እርሱ ቢያንስ ጠይቋል፤ አላወቀም፤ ተሳስተው ነገሩት። እኔ አውቄ ነው። ጌታዬ የሰጠኝን ሩኽሷ አልፈልግም ብዬ መለስኩለት። አላህ የሰጠው ማቅለያ ሲወሰድ እንደሚወድ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ ተነግሮናል። የሰጪውን ስጦታ መመለስ ምን ዓይነት ትሕትና ነው?

ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከፈረስ ወድቀው ነበር። አነስ (ረ.ዐ) ቀኝ ጎናቸው እንደተላላጠ ይነግሩናል። ጃቢር ደግሞ ፈረሱ የዘንባባ ግንድ ላይ ጥሏቸው የእግራቸው መገጣጠሚያ እንደወለቀ ይናገራሉ። ሶሐቦች ሊጠይቋቸው ሲገቡ ተቀምጠው ሲሰግዱ አገኟቸው። ሌሊቱን ቆመው እግራቸው እስኪያብጥ የሚሰግዱት ሰው፣ ሰውነታቸው ሲጎዳ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ ተቀምጠው ሰገዱ። ከእርሳቸው የበለጠ ጀግና ልሁን ያልኩ እኔ ማን ነኝ?

የቤቱም ነገር ከመስጂዱ የተሻለ አልነበረም። ባለቤቴ ለዉዱእ ውኃ ላንቆርቁርልህ ስትለኝ እምቢ አልኩ። ሸሚዝ ላልብስህ ስትለኝ ተቆጣሁ። በአንድ እጄ ስታገል ጀበናውን ገለበጥኩት። «ምነው አንተ፣ እኔ ባዕድ ነኝ እንዴ?» ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። መልስ አልነበረኝም። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውኃ አንቆርቁረውላቸዋል። የለበሱት የሻም ጁባ እጅጌው ጠቦ እጃቸውን ማውጣት ሲያቅታቸው ከሥር አውጥተው ታጠቡ። ይህን ሐዲሥ የዉዱእ ሕግ ለማጥናት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጠበበ እጅጌና ውኃ የሚያንቆረቁር ጓደኛ እንዳለበት ያስተዋልኩት ሸሚዜ ውስጥ ተወጥሬ በቆምኩበት ጠዋት ነው። (ትከሻው የተጎዳ አንባቢ ካለ፣ ሸሚዝ ሲለብስ የታመመውን እጅ አስቀድሞ፣ ሲያወልቅ ደግሞ የታመመውን መጨረሻ ያድርግ። እኔ ይህን ለማወቅ ሁለት ሸሚዝ ቀድጃለሁ።)

ለካስ ሰው ሲረዳን የምናጣው ነገር የለም። በየቀኑ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያችን ላይ ሶደቃ እንዳለብን፣ ሰውን ከብቱ ላይ ደግፎ ማውጣትና ዕቃውን ማንሳት ከዚያ ሶደቃ እንደሚቆጠር ተነግሮናል። እኔ እምቢ ባልኩ ቁጥር የባለቤቴን ሶደቃ ከእጇ እየነጠቅሁ ነበር።

እስከዚህ የነገርኳችሁ ግማሹን ነው። የሚበልጠው ጥፋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱንም ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም መልካም ስም ሰጥቼው ነበር።

ሦስቱ ሳምንት አለቀ። ሐኪሙ ማንጠልጠያውን አውልቄ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ እንድጀምር ነገሩኝ፤ ፊዚዮቴራፒም ጻፉልኝ። እኔ ግን ያ የሱጁድ ሕመም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር። ክንዴን ትንሽ ከሰውነቴ ሳርቀው ልቤ ይመታል። ስለዚህ ማንጠልጠያውን መልሼ ሰቀልኩት። ወረቀቱን መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም አለፈ። ወደ መስጂድ መሄድ አቆምኩ፤ በሥራ ቦታዬም ጽሑፌን በስልክ ድምፅ እየቀረጽኩ ሌላ ሰው እንዲተይበው አደረግሁ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ «ሶብር እያደረግሁ ነው» እላለሁ። ሰዎቹም «አላህ ያሽርህ፣ ሶብርህን ይቀበልህ» ይሉኛል። እኔም አሚን እላለሁ።

ሌሊት ሌሊት መተኛት የለም። ትከሻ የተጎዳ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን የተኛው ሕመም ማታ ይነሳል። በሦስት ትራስ ተደግፌ ግማሽ ተቀምጬ አድራለሁ። ዑስማን ኢብኑ አቢልዓስ (ረ.ዐ) ሕመማቸውን ሲነግሯቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን በሚያማቸው ቦታ ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ ቢስሚላህ፣ ሰባት ጊዜ ደግሞ የመጠበቂያውን ዱዓእ እንዲሉ አስተምረዋቸዋል። ግራ እጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እልሃለሁ ያ ረቢ እላለሁ፤ ዱዓኡንም እደግማለሁ። መልካም አደረግሁ። ነገር ግን ሐኪሙ የጻፉልኝ ወረቀት እዚያው ክፍል ውስጥ መጽሐፍ መሐል ተኝቶ ነበር።

አንድ ቀን የጀማዓችን አዛውንት፣ እኛ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ለረጅም ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ሻይ እየጠጣን ድንገት፣

«ልጄ፣ ከመስጂድ ያስቀረህ እግርህ ነው ወይስ ትከሻህ?» አሉኝ።

«ትከሻዬ ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ መስጂድ የሚኬደው በትከሻ ነው እንዴ?»

ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። የተማርኩ መሆኔን ላሳያቸው ፈለግሁ መሰለኝ፣ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ ባሪያው ሲታመም ወይም ሲጓዝ በጤንነቱ ይሠራ የነበረው ሁሉ እንደሚጻፍለት የሚናገረውን ሐዲሥ ጠቀስኩላቸው። በጸጥታ ሰሙኝ።

«ያ ለተከለከለ ሰው ነው» አሉ። «አንተን ማን ከለከለህ? እኔ ይህን ወንበር ሦስት ዓመት ሸሽቼዋለሁ። ወንበር ላይ ያየኝ ሁሉ አረጀ ይለኛል ብዬ ቤቴ እሰግድ ነበር። ሶብር እያደረግሁ ነው እል ነበር እኔም።»

ከዚያ ብርቱካኑን ልጠው ሰጡኝና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ያን ሌሊት ሕመሙ ብቻ አይደለም ያላስተኛኝ። ከወጌሻው ቤት ጀምሮ ያደረግሁትን ሁሉ መልሼ አየሁት። ጌታዬ ዕረፍ ሲለኝ ጉልበተኛ ሆንኩ፤ ተንቀሳቀስ ሲለኝ ተኛሁ። ሁለቱንም ዲን ብዬ ነው የጠራኋቸው። የመጀመሪያውን ዒባዳ አልኩት፤ ሁለተኛውን ሶብር። ለካስ አንዱ የሰው ዐይን መፍራት፣ ሌላው ሕመም መፍራት ነበር።

ሶብርን ስንናገር ሁላችንም የምንጠቅሰው ነቢዩላህ አዩብን (ዐ.ሰ) ነው። እስቲ በሷድ ምዕራፍ የተነገረውን ቆም ብለን እንየው። አዩብ ጌታቸውን በተጣሩ ጊዜ የመጣላቸው ትእዛዝ በእግርህ መሬቱን ምታ የሚል ነው። ለበሽተኛ ሰው! አላህ (ሱ.ወ) ምንጩን ያለ እርሳቸው እግር ማፍለቅ አይሳነውም ነበር። መርየምም (ዐ.ሰ) ምጥ አድክሟት ዘንባባ ሥር ሳለች ግንዱን ወደ ራሷ እንድትወዘውዝ ታዘዘች። የዘንባባን ግንድ ጤነኛ ጎልማሳ እንኳ አይነቀንቀውም፤ ቴምሩ የወረደው በእርሷ ጉልበት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም ከደካማ ሰውነታቸው አንድ እንቅስቃሴ ተጠየቁ። እኔ ከአዩብ ታሪክ የወሰድኩት መተኛቱን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን ከመጽሐፉ አወጣሁት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነው። ክንዴን በቀስታ ወደ ጎን ሲያነሳው ከትከሻዬ በታች ቆመ፤ ቢገፋውም አይሄድም፤ የትከሻዬ ሽፋን ተኮማትሮ ደርቋል። መገጣጠሚያ ካላንቀሳቀሱት ይጣበቃል አለኝ። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መድረቅ የበለጠ የተጋለጡ ስለሆኑ ምርመራ አዘዘልኝ፤ አልሐምዱ ሊላህ የለብኝም። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅሁት። በሳምንት ሳይሆን በወር ቁጠር አለኝ።

ሥራው ሲታይ የሕፃን ጨዋታ ነው። ግራ እጄን ጠረጴዛ ላይ ደግፌ ጎንበስ እላለሁ፤ ከሩኩዕ ትንሽ ቀና ያለ አቋም ነው። ቀኝ ክንዴን ልክ እንደ ባልዲ ገመድ አንጠልጥዬ ትንንሽ ክብ እየሠራሁ አወዛውዘዋለሁ። ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጄ ይዤ በጤነኛው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ እገፋዋለሁ። መጨረሻ ግድግዳ ፊት ቆሜ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬዳቸዋለሁ። መወጠር ሊኖር ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ቆም ማለት፣ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ደግሞ አብዝቼያለሁ ማለት ነው። ከመጀመሬ በፊት በሙቅ ፎጣ አሞቀዋለሁ። እንዳልረሳው ብዬ ከሶላት ጋር አሰርኩት፤ ከእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት በኋላ ዚክሬን ጨርሼ እነሳና ግድግዳው ጋ እሄዳለሁ።

ልጆቼ ቁመታቸውን የሚለኩበት ግድግዳ አለን፤ በእርሳስ መስመርና ቀን ተጽፎበታል። የእኔም የመሐል ጣቴ የደረሰበት እዚያው ጎን ላይ ይጻፍ ጀመር። የመጀመሪያው መስመሬ ከትንሿ ልጄ ራስ ዝቅ ይላል። እርሷ ደስ አላት፤ አባቷን በልጣለች። ከዚያ ለአሥራ አንድ ቀን መስመሩ ንቅንቅ አላለም። እመኑኝ፣ ከውድቀቱም ከጉተታውም የከበደኝ እነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ነበሩ። ሰው ታላቅ መከራን አንዴ ይችላል። በየቀኑ አምስት ጊዜ ምንም የማይለወጥ ነገር ጋ ሄዶ መቆም ነው ልብን የሚፈትነው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የግማሽ ጣት ያህል ወጣ።

ወደ መስጂድ የተመለስኩት በዚያ መሐል ነው፤ በመግቢያዬ የነገርኳችሁ መግሪብ ማለት ነው። ቀኝ ትከሻዬን ሰው እንዳይገፋኝ ከሶፉ የቀኝ ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ቀድሞ እኔ ሶፍ ሙላ እያልኩ ሰው ላይ በትከሻዬ የምገፋ፣ እግር በእግር የምጫን ሰው ነበርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶፍ ሲያስተካክሉ የሶሐቦችን ትከሻ በእጃቸው ይዳስሱ እንደነበር አቡ መስዑድ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ከሰጋጆች መሐል ምርጦቹ በሶላት ውስጥ ትከሻቸው ልዝብ የሆነው እንደሆኑም በአቡ ዳዉድ ተዘግቧል። ዑለሞች ይህን ሲያብራሩ ክፍት ቦታ ሊሞላ የመጣን ሰው የማይገፋ፣ ለሚያስተካክለው እጅ የሚታዘዝ ማለት ነው ካሉት አንዱ ነው። ከእኔ ግራ የቆመው ያ ወጣት እጄ አለመነሳቱን ካየ በኋላ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ከሩኩዕ ስንነሳ ትንሽ ወደ እርሱ በኩል ሰብሰብ ብሎ ቦታ አሰፋልኝ። ሶፉን አላፈረሰም፤ ትከሻውን ነው ያለዘበልኝ። ስንጨርስ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ፤ ስለ እጄ አንድም አልጠየቀኝም። ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት ዐይን ይህ ነበር።

በኡሑድ ቀን ጦልሓ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በእጃቸው ሲከልሉ ያ እጅ ሽባ ሆነ። ቀይስ ኢብኑ አቢ ሓዚም ያን የሰለለ እጅ እንዳዩት መስክረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ጦልሓ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ከዚያ እጅ ጋር ኖረዋል፤ እርሳቸው በጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ ናቸው። የእኔ ጉዳት ከእርሳቸው ጋር በአንድ አፍ የሚጠራ አይደለም፤ እኔ በነጠላ ጫማ ተዳልጬ የወደቅሁ ሰው ነኝ። ግን ሶሐቦቹ መሐል በየሶፉ የማይታዘዝ እጅ ይዞ የሚቆም ሰው እንደነበረ ማወቄ ጠቀመኝ።

በ1445 ሂጅራ ረመዳን፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መጋቢት፣ ተራዊሕ ላይ ቆሜ ኢማሙ ተክቢራ ሲያደርጉ እጄ ትከሻዬ ትይዩ ደረሰ። ከግራው ጋር እኩል። ሐጂ ከኋላዬ ካለው ሶፍ ወንበራቸው ላይ ሆነው አይተዋል መሰለኝ፣ ሶላቱ እንዳበቃ «ደረሰ?» አሉኝ። «ደረሰ፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ወንበሬ ጎን ያለው መብራት ማብሪያ ተበላሽቷል፣ ነገ እየው እንግዲህ» ብለውኝ ወጡ።

ግድግዳው ላይ ያሉት የእርሳስ መስመሮቼ የልጄን ራስ ካለፉ ቆይተዋል። ቁርኣኑ የሚቀመጥበትን የላይኛውን መደርደሪያ ግን በቀኝ እጄ ገና አልደርስበትም። ወንበር ላይ ወጥታ የምታወርድልኝ እርሷ ናት።